ላዳ ወይስ ኮሮላ? መንዝ ዳገት ላይ ያልተዘጋው ክርክር

በኢትዮጵያ ሁለት መኪና አቅርቦ ማወዳደር የተጀመረው ቤተ መንግሥት ደጅ ነው። በ1900 ዓ.ም ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከጂቡቲ በበረሃ አሻግሮ፣ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ የአገሩን ሥሪት ይዞ ደረሰ። ለንጉሠ ነገሥት እንዲህ ያለው ፉክክር የክብር ነገር ነው፤ አንዷ ብትበላሽ በቅሎ አለ። ለደመወዝተኛ ግን መኪና ማለት የስንት ዓመት ዕቁብ ነው። ምርጫው ከተሳሳተ በቅሎም የለም።

ከደርግ ዘመን ወዲህ የደመወዝተኛውን ሐሳብ ለሁለት ሲከፍሉ የኖሩት ሁለት ትንንሽ አውቶሞቢሎች ናቸው፤ ላዳና ኮሮላ። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ስለሆነ መልሱ ቀላል ይመስላል። መሐል ሜዳ ላይ ሲታይ ግን እንደዚያ አይደለም። አዲስ አበባ የሚሠራ መንዜ መኪና ሲገዛ አንድ ዓይኑ ቦሌ መንገድ ላይ፣ ሌላው እናቱ ደጅ ላይ ነው። ለገናና ለፋሲካ አገር ቤት የማታደርስ መኪና ለእሱ ግማሽ መኪና ናት።

መጀመሪያ ላዳ። ላዳን ሰው ሁሉ "የሩሲያ መኪና" ይላታል እንጂ በትውልዷ ጣሊያናዊት ናት። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር ትልቅ ፋብሪካ አቆመች። ፋብሪካው ያረፈበት ከተማ ራሱ ቶሊያቲ የተባለው በጣሊያኑ የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም ነው። መነሻዋ ፊያት 124 እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመች ናት። ይሁንና ሩሲያውያን በራሳቸው ጥርጊያ መንገድ ሲፈትኗት አካሏ ተሰነጣጠቀ፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗም ጭቃና ጠጠር አልቻለም። ስለዚህ ከ800 በላይ ማስተካከያ አደረጉባት። ቆርቆሮዋ ወፈረ፣ ከመሬት ከፍ አለች፣ የኋላ ፍሬኗ ወደ ድሮው ከበሮ ተመለሰ፣ ሞተሯም ተቀየረ። ባትሪ ቢሞት በእጅ አዙሮ ማስነሻ ዘንግ እንኳ አልነፈጓትም። እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት ጀመረች። ልብ ላለው ሰው የማስተካከያዎቹ ዝርዝር ለመንዝ የተጻፈ ይመስላል፤ ቅዝቃዜ፣ ጠጠር፣ ጋራዥ የሌለበት ርቀት።

ደርግ ከሞስኮ ጋር ሲወዳጅ ላዳ መጣች። በንጉሡ ዘመን ሰይቼንቶ የሚባሉት ትንንሽ ፊያቶች የያዙትን የታክሲ ሥራ ተረከበች፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ እንዲህ ገነነችና ስሟ ከመኪና ስም ይልቅ የሥራ ስም ሆነ። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ "ላዳ ያዝ" ሲባል የሚያዘው ቪትዝ ሊሆን ይችላል። የአገሬው መካኒክ ላዳን ለመልመድ አልተቸገረም፤ ለዚህም ምክንያት አለው። የጋራዥ ቋንቋው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ። ከፊያት ጋር ያደገ እጅ የላዳን ኮፈን ሲከፍት ያገኘው የዘመድ ቤት ነው። ስለ ሶቪየት ወዳጅነት ብዙ ሲጻፍ ይህች ነገር አትነሳም፤ ላዳን ያላመዳት ርዕዮተ ዓለም ሳይሆን የጣሊያን ፍሬን ሲጠግን የኖረ እጅ ነው።

ኮሮላ የመጣችው በሌላ በር ነው። ቶዮታ ኮሮላን ያወጣው የሶቪየቱ ውል በተፈረመበት በዚያው በእ.ኤ.አ. 1966 ነው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች የአንድ ዓመት ፅንሶች ናቸው ማለት ይቻላል። ኮሮላ በኢትዮጵያ በገፍ የታየችው ግን ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ያገለገለ መኪና ከገልፍ አገሮችና ከአውሮፓ በጂቡቲ በኩል መግባት ሲጀምር ነው። "ዲኤክስ" የሚለው ስም ያኔ ነገሠ። ዲኤክስ በፋብሪካው ዘንድ የአንድ ደረጃ መጠሪያ ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ራሱን የቻለ መኪና ሆነ፣ ዋጋ ተቆረጠለት፣ ደላላ ተመደበለት።

ኮሮላን ያነገሠው ጥንካሬዋ ብቻ አይደለም። ግብርም አለበት። በ1995 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አውቶሞቢሎችን በሞተር መጠን ከፋፈላቸው፤ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጂቡቲን አልፋ 100 ብር የምታወጣ መኪና 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመርባት 135 ትሆናለች። በዚያ ላይ ኤክሳይዝ፣ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከዚያም 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ይቆለላል። የ1300 ሲሲዋ 222 ብር ገደማ ስትደርስ የ1500 ሲሲዋ 273 ታልፋለች። በዚህ ምክንያት አገሩ በ1.3 ሊትር ኮሮላ ተሞላ። ገዢው የመረጠ ይመስለዋል እንጂ ሞተሩን የመረጠለት ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ለሜክሲኮ አደባባይ 1300 ሲሲ ይበቃል። ለመንዝ የሚበቃ መሆኑን ግን ማንም አልጠየቀም።

መንዝ ማለት እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2800 ይደርሳል። ጣርማበር ላይ የደሴውን አስፋልት ትቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ ከ3000 ሜትር በላይ ተወጥቷል። ከዚያ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከጣርማበር ወዲያ ያለው መንገድ ለአሥርት ዓመታት የሚታወቀው በጠጠሩ፣ በክረምት ጭቃውና በጉሙ ነው።

3000 ሜትር ላይ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚን የሚነድደው በአየር ስለሆነ የሞተሩ ጉልበትም በዚያው ልክ ይወርዳል። ካታሎጉ ላይ 75 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር መሐል ሜዳ ሲደርስ 55 ገደማ ይቀረዋል። አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና የበዓል ዕቃ ሲጨመርበት ጣርማበር ላይ በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስተው ኮሮላ ታማሚ አይደለም፤ አየር አጥቶ ነው። ካርቡራተር ያላት ደግሞ ሌላ ችግር አለባት፤ አየሩ ሲሳሳ የምትረጨው ቤንዚን አይቀንስም፣ ስለዚህ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ነዳጅም ትጨርሳለች። በዚህ በኩል ቤንዚን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ የሚረጭላቸው የኋለኞቹ ኮሮላዎች ላዳን በግልጽ ይበልጧታል፤ አየሩን ለክተው ራሳቸው ያስተካክላሉ። ውሃም እዚያ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ዳገቱ ሳያልቅ እንፋሎቱ ይወጣል፤ አሮጌ መኪና ገዢ ከቀለሙ በፊት ክዳኑን ማየት አለበት።

በጠጠሩ ላይ ግን ሚዛኑ ወደ ላዳ ያጋድላል። ላዳ በኋላ እግሯ የምትገፋ ናት። ዳገት ሲወጣ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ የኋላ ወንበርና ኮፈኑ በሰውና በዕቃ ሲሞላ ጎማዋ መሬቱን ይበልጥ ይነክሳል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት የቤት ኮሮላዎች ግን በፊት እግራቸው የሚጎትቱ ናቸው። ለጠፍጣፋ አስፋልት ይህ ጥሩ ነው፤ ጭነው እርጥብ ዳገት ሲወጡ ግን የፊቱ ይቀልና ጎማው በባዶ ይሽከረከራል። ላዳ ከመሬት ያላት ከፍታም ድንጋይ ያሳልፋታል። "ላዳ ተሸነፈች" የሚለው ታሪክ እንግዲህ የከተማ ታሪክ ነው።

ቢሆንም ሰው መኪና የሚገዛው በዓመት ሁለቴ ለሚሄድበት መንገድ ብቻ አይደለም። በደህና ይዞታ ያለች ላዳ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ የ1.3 ሊትር ኮሮላ 13 ወይም 14። ለመሐል ሜዳ ጉዞ ልዩነቱ ሰባት ስምንት ሊትር ነው፤ በየቀኑ ለሚሠራ ግን የቤት ኪራይ ይወጣዋል። የኮሮላ ዕቃ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የላዳው ዕቃ እየሳሳ መጥቷል፤ የመጨረሻዋ 2107 ሩሲያ ውስጥ የተመረተችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከሁሉ በላይ ኮሮላ ትሸጣለች። ልጅ ሲታመም፣ ቤት ሲጀመር፣ ዛሬ ለደላላ ተነግሮ ነገ ገንዘብ ይሆናል። ባንክ ያለው ብር በዋጋ ንረት ሲያልቅ የቆመች ኮሮላ ዋጋዋ ሲወጣ ስንቱ አይቷል። በ2012 ዓ.ም የተሻሻለው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ ሲያደርሰው ዓላማው አሮጌው እንዳይገባ ነበር። ቀድሞ የገባውን አሮጌ ግን ወርቅ አደረገው።

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ሕይወት። የቀድሞዎቹ ላዳዎችም ዲኤክሶችም ኤር ባግ የላቸውም፣ ፍሬናቸውም ለዛሬ መንገድ የተሠራ አይደለም። ሠላሳና አርባ ዓመት የሠራ አካል ከቀለሙ ሥር ምን ያህል እንደበሰበሰ ሊብሬው አይናገርም። ጉም ውስጥ ከመዘዞ ወደ ጣርማበር ቤተሰብ ጭኖ የሚመለስ ሰው ስለ ሲሲ ከሚከራከር ስለ ፍሬን ሸራ ቢከራከር ይሻለዋል። የአዋጁ አርቃቂዎችም ቢሆኑ አሮጌውን ሲከለክሉ ደመወዝተኛው የሚችለው አዲስ የትኛው እንደሆነ አላሳዩትም።

በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንደማይገባ አስታወቀ። ቀደም ብሎ በ2014 የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ተደርጎ፣ ተገጣጥሞ ሲገባ 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተወስኗል። በዚያ ውሳኔ መሠረት በቀድሞው ሒሳብ 100 ብር የነበረችው በ115 ትገባ ነበር ማለት ነው። ለመንዝ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር አላት፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጉልበቷ ጣርማበር ላይም ጂቡቲ ላይም ያው ነው፣ ቁልቁለት ስትወርድም ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። ከፍታን በተመለከተ ላዳም ኮሮላም አይደርሱባትም።

ብርዱ ግን ባትሪውን ይቀንሰዋል፣ የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያውም በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭትም መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኤሌክትሪክና ኔትዎርክ ሲቋረጥ ለኖረ ሰው "መብራት ይኖራል" ብሎ 280 ኪሎ ሜትር መነሳት ከባድ ነው። ቤንዚን ቢያንስ በጀሪካን ይያዛል። ስለዚህ ለፋሲካ ወደ መሐል ሜዳ የሚያስበው ሰው ዛሬም የሚደውለው ለአሮጌ መኪና ደላላ ነው፤ ደላላውም መጀመሪያ የሚጠራለት ኮሮላ ነው፣ ላዳን የሚያነሳው ገንዘቡ አልበቃ ሲል ነው።