ነሉ ከየት መጣ? የኩዌሪ ፕላነር የዘመናት ጥያቄ

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የሪሌሽናል ዳታቤዝን ንድፈ ሐሳብ ከአይቢኤም ይፋ ሲያደርግ፣ ያልታወቀ መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ገና መላ አላበጀለትም ነበር። በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ግን ጉዳዩን አሰፋው፤ የማይታወቀው ቦታ ነል ይሁን፣ ማነጻጸርም ከ«እውነት»ና ከ«ሐሰት» ሌላ «አይታወቅም» የሚል ሦስተኛ ውጤት ይኑረው አለ። የሪሌሽናል ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊው ክሪስ ዴት ይህን አጥብቆ ተቃውሟል። እኔ ግን ከኮድ ጋር ነኝ፤ የትውልድ ዘመኑ ያልታወቀን ሰው በዜሮ መመዝገብ ውሸት ነው።

ዕዳው የወደቀው ግን ኩዌሪው በምን መንገድ እንደሚሠራ በሚወስነው የዳታቤዙ ክፍል፣ በፕላነሩ ላይ ነው። በዚያው በ1979 ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ በአይቢኤም ሲስተም አር የዳታቤዝ ፕሮጀክት፣ ኩዌሪ የሚሠራበትን ርካሽ መንገድ በወጪ ግምት መምረጥ እንደሚቻል አሳዩ፤ ብዙዎቹ ዳታቤዞች ዛሬም በዚሁ ይሄዳሉ። ፖስትግሬስም የአንድ ዓምድ ስንት እጁ ነል እንደሆነ በስታቲስቲክስ ይይዛል። ያ ወጪ ለመገመት ይበቃል፤ አንድን ማጣሪያ ከኩዌሪው ለመሰረዝ ግን እርግጠኛነት ያስፈልጋል።

ዓምዱ «ኖት ነል» ተብሎ ከታወጀ «ነል ነው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ይመስላል። ተዛማጅ የሌለውንም የግራ ረድፍ የሚያስቀረው አውተር ጆይን፣ ሌፍት ጆይን፣ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሠራተኞችን ሠንጠረዥ ከክፍሎች ሠንጠረዥ ጋር በሌፍት ጆይን እናገናኝ። የክፍል ስም በራሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ፈጽሞ ነል አይሆንም፤ ያልተመደበ ሠራተኛ ረድፍ ላይ ግን ነል ሆኖ ይወጣል። ነሉን የፈጠረው ጆይኑ ራሱ ነው። ፕላነሩ አዋጁን ብቻ አምኖ «ሐሰት» ቢል፣ ያልተመደቡትን የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ይህ ደግሞ ከዘገየ መልስ እጅግ የከፋ ነው፣ ማንም ስህተቱን አያየውምና።

በ2023 በወጣው ፖስትግሬስ 16 የፖስትግሬስ አበልጻጊው ቶም ሌን የነካው የዚህን ችግር ሥር ነው። ቀድሞ አንድ ዓምድ ከጆይኑ በታችም በላይም ሲጠቀስ ለፕላነሩ አንድ ነበር፤ አሁን የትኛው አውተር ጆይን ነል ሊያደርገው እንደሚችል አብሮት ይመዘገባል። ተጠቃሚው የሚጽፈው ትእዛዝ አልተለወጠም፤ ቢሆንም በፕላነሩ ላይ በዓመታት ከተሠሩት ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው። በማግስቱ ዓመት የወጣው ፖስትግሬስ 17፣ በዚህ መዝገብ ተመርኩዞ፣ «ኖት ነል» በሆኑና አውተር ጆይን ነል ሊያደርጋቸው በማይችል ዓምዶች ላይ ትርፍ የሆነውን «ነል አይደለም» የሚል ማጣሪያ ይጥላል፣ «ነል ነው» የሚለውንም ሠንጠረዡን ሳይቃኝ ውድቅ ያደርጋል።

በንዑስ ኩዌሪ ውስጥ የሌሉትን የሚመርጠው «ኖት ኢን» የሚያስፈልገውም ያንኑ እርግጠኛነት ነው። በንዑስ ኩዌሪው ውስጥ አንዲት ነል ከተገኘች ውጤቱ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ነል አለመኖሩ በሁለቱም ወገን እስኪረጋገጥ ድረስ ተዛማጅ የሌላቸውን ረድፎች ብቻ ወደሚያስቀረው ተራ አንቲ ጆይን መለወጥ አይቻልም። «ኖት ኤግዚስትስ» ግን ይህ ችግር ስለሌለበት ከ2009 ጀምሮ፣ ከፖስትግሬስ 8.4 ወዲህ፣ በአንቲ ጆይን ይሠራል።