ድንጋይ የምትበላዋ ካሜራ እና ያልታተመው አልበማችን

የመጽሔታችን አዘጋጆች በየዓመቱ «የድሮ ፎቶ ላኩልን» እያሉ ይወተውቱናል። ዘንድሮ የደረሳቸውን ፎቶ በየዘመኑ ለመለየት ካገዙት አንዷ ስለነበርኩ አንድ ነገር ታዘብኩ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተመረቁት ታላላቆቻችን ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ከጀርባው በእስክሪብቶ ስም የተጻፈበት የወረቀት ፎቶ ልከዋል። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የወጡት ታናናሾቻችን ደግሞ ከስልካቸው በቴሌግራም አዥጎድጉደውታል። መሀል ላይ ያለነው፣ ከ1995 እስከ 2004 ዓ.ም. ገደማ የተመረቅነው፣ የላክነው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የሚገርመው እኛ እኮ ካሜራ ከጋውን ኪሳችን የማይጠፋ ልጆች ነበርን! ታዲያ ያ ሁሉ ፎቶ የት ገባ? መልሱ ያለው በዚያች ባለ ዙም ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ታሪክ ውስጥ ነው።

ከካሜራዋ በፊት

በሀገራችን ፎቶ ለረጅም ጊዜ የክብር ጉዳይ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ አበባ የገባው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። ፎቶ ቤት ለሌላውም ሰው ሲከፈት ወጉ ያው ነበር፦ ፀጉር ተበጥሮ፣ የክት ልብስ ተለብሶ፣ ከመጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ መቆም። ፎቶ የሚነሳው ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ነው። ደክሞት ወንበር ላይ ያንቀላፋን ሰው ፎቶ ማንሳት ማን ያስባል?

በ1990 ዓ.ም. አራት ኪሎ ስንገባ፣ በኋላም ወደ ጥቁር አንበሳ ስንዛወር፣ በክፍላችን ካሜራ ያላቸው ጥቂት ነበሩ። ባለ 36 ፊልም ተገዝቶ ለወራት ይቆጠባል። ሲያልቅ ፒያሳ ወርዶ ማሳጠብ፣ ለማሳጠቢያው ደግሞ ማዋጣት። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ከወጣ ጨፍኖ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የስድስት ዓመት ትምህርታችን በፊልም የቀረው እንደ በዓል ነው፤ ሁሉም ቆሟል፣ ሁሉም ፈገግ ብሏል። ዲውቲ የለም፣ ራውንድ የለም፣ ካፌ ተቀምጦ ለፈተና መጨነቅ የለም።

ከየት መጣች?

ዲጂታል ካሜራ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ትበልጣለች። ዊላርድ ቦይል እና ጆርጅ ስሚዝ ቤል ላብስ ውስጥ ሲሲዲ የተባለውን ፈጠራ ያፈለቁት እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ አድርጓቸዋል። ሲሲዲ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ዓይን ሆነ፤ የኢንዶስኮፒ መሣሪያዎቻችንም ዓይን ከዚሁ ፈጠራ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በዚህ ዓይን የምትሠራ ካሜራ ገጣጠመ። ክብደቷ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ፎቶውን የምትቀዳው በቴፕ ካሴት ላይ ሲሆን አንዱን ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ካሲዮ ኪው ቪ 10 የተባለችው ከጀርባዋ ትንሽ ስክሪን ይዛ ለገበያ ቀረበች። ያነሱትን እዚያው የማየት ነገር ለተራው ሰው የመጣው በዚህ መልክ ነው።

እኔ ጋ የደረሰችው በ1996 ዓ.ም.፣ ኢንተርን ሆኜ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ካነን ፓወርሾት ኤ 70 ነበረች፤ 3.2 ሜጋፒክስል፣ ሦስት እጥፍ የምታቀርብ ዙም። ስትከፈት እዝዝዝ ብላ አፍንጫዋን ታወጣለች። ዋርዱ ሁሉ ዞር ብሎ ያያት ነበር።

አራት ድንጋይ ትበላለች። ያውም እንዴት አድርጋ! ለሬዲዮ ሳምንታት የሚያገለግለው ርካሽ ድንጋይ እሷ ዘንድ ጥቂት ፎቶ አንስቶ ይሞታል፤ ያለ ቻርጀርና ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ አይሆንም ነበር። አብሯት የመጣው ካርድ ደግሞ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው። በከፍተኛው ጥራት ከተነሳ አሥር ፎቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አዲስ ለማንሳት አሮጌውን ማጥፋት ግድ ነበር። ተሰብስበን «ይሄ ይጥፋ፣ ይሄ ይቅር» ስንባባል፣ ሳናውቀው የትዝታችን አዘጋጆች ሆነን ነበር።

ዙሟ ምን አደረገችልን?

ሁለት ዓይነት ዙም አለ። እውነተኛው ሌንሶቹ ራሳቸው እየተንቀሳቀሱ የሩቁን የሚያቀርቡበት ነው። ሌላው «ዲጂታል ዙም» የሚባለው ያለውን ምስል ቆርጦ ከመለጠጥ በቀር የሚጨምረው ዝርዝር የለም። የእኔዋ እውነተኛውን ነበራት፤ በፊልም ካሜራ ቋንቋ ከ35 እስከ 105 ሚሊሜትር የሚሆን። ለሐኪም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤክስሬይ ማያው ላይ የተሰቀለን ፊልም ተጠግተው ሲያነሱት ጠርዙ ይጎብጣል። ራቅ ብሎ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ በዙም ማንሳት ግን ጥሩ ምስል ይሰጣል። አበባ የተሳለባትን የቅርብ ማንሻ ቁልፍ ሲጫኗት ደግሞ የቆዳ ቁስልን በደንብ ታሳያለች።

በዚያን ጊዜ የምናነባቸው የውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ ያለው ሽፍታ በአብዛኛው በነጭ ቆዳ ላይ የወጣ ነበር። «ቀይ ሆኖ ይታያል» የተባለው በእኛ ሰው ቆዳ ላይ እንደዚያ ሆኖ አይታይም። ቁንጭርን፣ ዝሆኔን፣ የሥጋ ደዌን በሀገራችን ሰው ላይ አንስቶ ለሞርኒንግ ማቅረብ የተቻለው፣ ቀድሞ ስላይድ ማሠራት ለሚችሉ ጥቂት መምህራን ብቻ ነበር። በእነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች ምክንያት ለኢንተርኑም ተቻለ።

ከሁሉ በላይ ግን የዘወትሩን ሕይወት ማንሳት ጀመርን። ለፎቶ መክፈል ሲቀር ለፎቶ መዘጋጀትም ቀረ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካርድ ደገፍ ብሎ የተኛ ሬዚደንት፤ አንድ ማኪያቶ ለሦስት የሚጠጡ ሴቶች፤ ስቴትስኮፑን አንገቱ ላይ ረስቶ ታክሲ የሚጋፋ ልጅ። እነዚህ ፎቶዎች በአልበም ታሪካችን ውስጥ ከዚያ በፊት አልነበሩም።

የጠፋው ዘመን

እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ገበያ የቀረበው ዲጂታል ካሜራ 121 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ደርሶ አያውቅም። በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ወረደ። ስልክ በላት። የዲጂታል ካሜራን የወለደው ኮዳክ ራሱ በ2012 መጀመሪያ ከአበዳሪዎቹ ለመጠበቅ ለፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ አቀረበ። ካሜራዎቻችን መሳቢያ ገቡ፣ ካርዶቹም አብረው ገቡ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የወረቀት ፎቶ ቢረሳም ራሱን ችሎ ይኖራል፤ ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃዋል። ካርድ ግን ፎቶውን የሚይዘው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ያ ቻርጅ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ያፈሳል። ያቃጠልናቸው ሲዲዎችም ቀለማቸው ይበላሻል። በኢንተርኔት ካፌ ፍላሽ ዲስክ ላይ ቫይረስ የበላውንማ ማን ይቆጥረዋል? ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያደረበት ሰው ያውቀዋል።

ከባቻችን ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። የአንዱ እናት፣ ልጃቸው ካረፈ በኋላ፣ «ሲስቅ የሚታይበት ፎቶ የላችሁም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ቤታቸው ያለው የምርቃቱ ነው፤ ጋውን ለብሶ፣ ኮስተር ብሎ። ልጁን የሚያውቅ ሁሉ ያ ፊት የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ብዙ ጠየቅን፣ ብዙ ፈለግን። በመጨረሻ አሜሪካ ያለች ጓደኛችን መሳቢያዋ ውስጥ የቆየች ካርድ ሰው አገኘችና በመንገደኛ ላከችልን። ማንበቢያውን ማግኘቱ ራሱ ቀናት ወሰደ። ገሚሶቹ ፎቶዎች አልከፈት አሉ፤ ገሚሶቹ ከወገብ በታች ግራጫ ሆነው ቀርተዋል። አንዱ ግን ሙሉ ነበር፤ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ሳንድዊች በእጁ ይዞ፣ ጥርሱ እስኪታይ ይስቃል። አሳትመን ወሰድንላቸው። ሳሎናቸው ውስጥ የምርቃቱን አውርደው እሱን ሰቀሉት።

በዚያችው ካርድ ላይ ከዚህ ፎቶ ቀጥሎ የነበረው የአንድ ታካሚ እግር ነበር፤ ፊታቸውም ይታያል። እኚህን ሰው አሁን ማንም አግኝቶ «ይፈቅዳሉ?» ብሎ ሊጠይቃቸው አይችልም። ያኔ በጽሑፍ ፈቃድ መቀበል በየቦታው የተለመደ አልነበረም፤ «ለትምህርት ነው» ተብሎ በቃል ይታለፍ ነበር። ያ ምስል አስተምሮን ይሆናል፤ የእኛ አልበም አካል ግን አይደለም። የእናትየውን ልጅ ያከበርነውን ያህል እኚህንም ማክበር አለብን። ስለዚህ አጠፋነው።

ምን እናድርግ?

ይህን ለምታነቡ የዘመኔ ልጆች፣ በየዋርዱ ፎቶ ያነሳችሁ መምህራኖቻችንም ጭምር፣ ከልምዴ የምለው ይኸው ነው።

ካሜራችሁን ስታገኙ መጀመሪያ ድንጋዩን አውጡ፤ ፈሶ መገናኛዋን ሳይበላት። ካርዱ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉት። ሌላ ፎቶም አታንሱበት። እንዳለ ወደ ሁለት የተለያየ ቦታ ገልብጡት፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጪ ይሁን።

ቀኑን አትመኑት። የቀን ማስታወሻዋ ትንሽ ባትሪ ስትሞት ካሜራዋ ወደ መነሻ ቀኗ ትመለሳለች። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር የሞሉት ጓደኞችም ነበሩን፤ የጠዋት ራውንዳቸው ሌሊት 2 ሰዓት ላይ የተደረገ ይመስላል። ዓመተ ምሕረቱም የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። የምታስታውሱትን ጻፉ፦ የት፣ መቼ፣ እነማን። በተለይ ነርሶቹን፣ ተላላኪዎቹን፣ የጽዳት ሠራተኞቹን። በፎቶው አሉ፤ ስማቸው ግን የሌለው እኛ ጋ ነው።

የታካሚ ፎቶ ስታገኙ ለብቻ አውጡት፤ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። ለማስተማሪያ የሚጠቅም ከመሰላችሁ ትምህርት ክፍሉን አማክሩ፣ ካልሆነ አጥፉት።

ቀሪውን ምረጡና አሳትሙ። ሃያ ይበቃል። ከጀርባው ታላላቆቻችን እንዳደረጉት በእስክሪብቶ ስም ጻፉበት።

ሰሞኑን ወጣቶቹ እነዚህን ካሜራዎች መልሰው እየፈለጓቸው ነው ይባላል፤ የወንድሜ ልጅም የእኔዋን ዓይኗን ጥላባታለች። ካሜራዋን እሰጣታለሁ፤ አሁንም ትሠራለች። ካርዶቹን ግን አይደለም። በዘንድሮው መሰባሰባችን ላፕቶፕና የሁለቱንም ዓይነት ካርድ፣ የትልቁንም የትንሹንም፣ ማንበቢያ ይዤ እመጣለሁ። ምሳ ላይ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ታገኙኛላችሁ። የመሳቢያችሁን ካርድ ይዛችሁ ኑ።