የኤፒ ክሬዲት ይዘው ኮሌጅ ሲገቡ ከየትኛው ካልኩለስ መጀመር ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ በርካታ ተማሪዎች የካልኩለስ ክሬዲት ይዘው ኮሌጅ ይገባሉ። ክሬዲቱ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። ነገር ግን ሳይዘጋጁ ወደ ቀጣዩ ኮርስ መዝለል የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት ሊያበላሽ፣ ብሎም በውጤት የሚታደስ ስኮላርሺፕን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ ከምዝገባ በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

ፈተናው ምን ይሸፍናል?

አድቫንስድ ፕሌስመንት፣ በአጭሩ ኤፒ፣ ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚመራው ፕሮግራም ነው። ፈተናው በየዓመቱ በሜይ ወር ይሰጣል፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 5 ነው። ካልኩለስ ሁለት ፈተናዎች አሉት። ኤቢ የሚባለው ሊሚትን፣ ዴሪቬቲቭንና ኢንቲግራልን የያዘ ሲሆን ከኮሌጁ ካልኩለስ 1 ጋር ይቀራረባል። ቢሲ በዚህ ላይ ተጨማሪ የኢንቲግራል ስልቶችንና ሲሪስን ስለሚጨምር እስከ ካልኩለስ 2 ይደርሳል። ቢሲ የተፈተነ ተማሪ ለኤቢው ክፍል ለብቻው ንዑስ ውጤት ይሰጠዋል።

ክሬዲት አሰጣጡ በሁሉም ኮሌጅ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ 3 ሲቀበል ሌላው 4 ወይም 5 ይጠይቃል። የሚገቡበትን ኮሌጅ መመሪያ ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ሦስቱ አማራጮች

1. ወደ ቀጣዩ ኮርስ ማለፍ፦ ከኤቢ በኋላ ካልኩለስ 2፣ ከቢሲ በኋላ ካልኩለስ 3። መሠረቱ ለጸና ተማሪ ይህ ተገቢ ነው።
2. ኮርሱን እንደገና መውሰድ፦ ውጤቱ ለጥቂት ላለፈ ወይም ፈተናውን በ11ኛ ክፍል ወስዶ ዓመት ለቆየ ተማሪ ይጠቅማል። ሆኖም በብዙ ኮሌጆች ያንኑ ኮርስ የደገመ ተማሪ የኤፒ ክሬዲቱን ያጣል።
3. ጠለቅ ያለ ኮርስ መምረጥ፦ አንዳንድ ኮሌጆች ማረጋገጫ ላይ የሚያተኩር የክብር ካልኩለስ ያስተምራሉ። ሒሳብን ዋና ትምህርታቸው ለማድረግ ላሰቡ ይስማማል።

ራስዎን እንዴት ይፈትሻሉ?

በመምህርነት ዘመኔ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ተማሪ «አውቀዋለሁ» የሚለውና በወረቀት ላይ የሚሠራው ሁልጊዜ እኩል አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ሊዘሉት ያሰቡትን ኮርስ የቀድሞ የማጠቃለያ ፈተና ከሒሳብ ክፍሉ ይጠይቁ። ሰዓት ይዘው፣ ያለ ካልኩሌተርና ያለ ማስታወሻ ይሥሩት። አብዛኛውን ያለ ችግር ከሠሩ ይለፉ። የረሱት ጥቂት ርዕስ ብቻ ከሆነ በክረምቱ ይከልሱት። ግማሹ እንኳ ካቃተዎ ግን መድገሙ አያሳፍርም።

ሊታወሱ የሚገባቸው

ኢንጂነሪንግ የሚያጠና ተማሪ በካልኩለስ ላይ የሚገነቡ ብዙ ኮርሶች ስለሚጠብቁት መሠረቱን ማጥበቅ አለበት። ሕክምና የሚያስብ ደግሞ አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የኤፒ ክሬዲትን ስለማይቀበሉ አስቀድሞ ያጣራ። ኮርስ መቀየሪያው ቀነ ገደብ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ስለሚያልቅ፣ የከበደው ተማሪ ሳይዘገይ አማካሪውን ያነጋግር።

ወላጆችም «ክሬዲት እያለህ ለምን ትደግማለህ?» ብለው ከመጫን በፊት ልጃቸው ያንን ፈተና እንዴት እንደሠራው ይጠይቁ። ክሬዲቱ ለማለፍ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ እንዲያልፉ አያስገድድም።