«ኢማንሲፔት»፦ ከእጅ ስለ መልቀቅ የሚናገር የአንድ ግሥ ታሪክ

«ኢማንሲፔት» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ «ነጻ አወጣ» ብለን እንተረጉመዋለን። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በቃሉ ውስጥ ተሰውሮ የሚገኘውን እጅ አያሳየንም። ይህች አጭር ጽሑፍ የዚያን እጅ ነገር ለመመርመር የታሰበች ናት። ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ማኑስ» እጅ፥ «ካፔሬ» መያዝ ማለት ሲሆን፥ ከሁለቱ የተገኘው «ማንኪፒዩም» በእጅ ይዞ የራስ ማድረግን፥ እንዲሁም ባሪያውን ራሱን ያመለክታል። በመነሻው «ከ» የሚል ፍች ያለው ፊደል ሲጨመርበት ከእጅ መልቀቅ ማለት ይሆናል። የሮማ ሕግ ግን በዚህ ግሥ የሚጠቀመው ስለ ልጅ ሲናገር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ የተጻፈው የ12ቱ ሠሌዳ ሕግ፥ ልጁን ሦስት ጊዜ የሸጠ አባት በልጁ ላይ ያለውን ሥልጣን እንዲያጣ አዘዘ። ኋላ ሕግ ዐዋቂዎች ይህንኑ መሣሪያ አደረጉት፤ ልጁን ሊለቅ የወደደ አባት ለወዳጁ ለይምሰል ሦስት ጊዜ ይሸጠው ነበር። ባሪያን ለመልቀቅ «ማኑሚሲዮ» የሚባል ሌላ ቃል ነበራቸው።

ግሡ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው ምዕት ዓመት ነው። እየዋለ እያደረ ከሁሉ ይልቅ የባሮች ነጻነት መጠሪያ ሆነ። በ1833 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ በነሐሴ 1 ቀን 1834 ሲጸና፥ ለጌቶቹ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ተመደበ። ለባሮቹ ምንም አልተከፈለም፤ ይልቁንም አብዛኞቹ «ተለማማጆች» እየተባሉ እስከ 1838 ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገደዱ። ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞም በ1831 የልደት በዓል ሰሞን የጃማይካ ባሮች ተነሥተው ነበር፤ መሪያቸው ሳሙኤል ሻርፕ በ1832 ተሰቀለ።

በአሜሪካም ነገሩ ይህን ይመስላል። ፕሬዚዳንት ሊንከን በጥር 1 ቀን 1863 ያወጡት ዐዋጅ የሚመለከተው ያመፁትን ክፍሎች ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ባሮች ዐዋጁን ሳይጠብቁ ወደ ፌዴራሉ ጦር ይሸሹ ጀምረው ነበር፤ ጦርነቱ እስኪያልቅም 180,000 ያህል ጥቁሮች በዚያ ጦር ተሰልፈዋል። ባርነት በአገሪቱ ሁሉ በሕግ የተሻረው በታኅሣሥ 1865 በጸደቀው በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው።

እንግዲህ የእንግሊዝኛው ግሥ ለቃቂውን ባለቤት፥ ተለቃቂውን ተሳቢ ያደርጋል፤ የሚመሰገነውም ለቃቂው ይሆናል። በአማርኛ ግን ከ«ነጻ አወጣ» ጎን «ነጻ ወጣ» አለን፤ በዚህኛው ባለቤቱ የወጣው ሰው ራሱ ነው። ዐዋጅ የሚያነብ የታሪክ ተማሪ ማን እንደ ለቀቀ ብቻ ሳይሆን፥ ማን ታግሎ እንደ ወጣም ሊጠይቅ ይገባዋል።