የጎደለው መዝገብ፦ ስለ ጡት ሲሊኮን ታሪክ

ባለፈው ወር የቁጠባ ስብሰባችን ካለቀ በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ አንዲት አባላችን አሜሪካ ከምትኖረው እህቷ የመጣላትን የድምፅ መልእክት አሰማችን። እህትየው ሁለት ልጆች ካጠባች በኋላ የወረደ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አስነሥታለች፤ በዚያው ሲሊኮን አስገብታለች። ስድስት ሳምንት ሆኗታል። «ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ግራውና ቀኙም አይመሳሰልም፤ ተበላሸብኝ መሰለኝ» ትላለች። ከመካከላችን የሳቁ ነበሩ። «ምን አስፈለጋት?» ያሉም ነበሩ። ድምፁ ግን የፈራ ሰው ድምፅ ነበርና ጥቂቶቻችን ጉዳዩን ልናነብ ተስማማን። (ኢምፕላንት ሲባል እኛ ዘንድ በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ስለሚታሰብ፣ እዚህ ሲሊኮን ብለናል። ዓመተ ምሕረቱም በፈረንጆች ነው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1962 ቴክሳስ ውስጥ፣ ሂዩስተን ከተማ ነው። ቲሚ ጂን ሊንዚ የስድስት ልጆች እናት ነበረች። ሆስፒታል የሄደችው ደረቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ለማስጠፋት ነው። ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው የተባሉ ሐኪሞች ደግሞ በሲሊኮን ጄል የተሞላ አዲስ ከረጢት የሚሞክሩባት ሴት ይፈልጉ ነበር። እሷ እንዲስተካከልላት የፈለገችው ጆሮዋ ነበር። እሱንም አብረው ሠሩላት። ከእሷ በፊት የተሞከረው በውሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች ከደረት ጋር እንዲጣበቁ በጀርባቸው የዳክሮን ጨርቅ ነበረባቸው። ያለዚያ ቦታቸውን አይይዙም ተብሎ ነው። ሰውነት ግን ባዕድ ነገር ሲገባበት ራሱ ዙሪያውን በስስ ጠባሳ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጨርቁ በኋላ ቀረ። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ግን ጡቱን ያጠነክራል፣ ቅርጹን ያበላሻል፣ ያሳምማልም፤ ይህ ችግር እስከ ዛሬ አለ።

ማንሣቱንና ሲሊኮን ማስገባቱን በአንድ ላይ ስለ መሥራት በ1960ዎቹ መጻፍ ተጀመረ። ከጻፉት አንዷ የሞንትሪያሏ ሐኪም ፖል ሬኞ ናት። ሥራው እርስ በርሱ የሚጓተት ነው። ቆዳው ተቆርጦ ይጠብባል፤ ከሥሩ ደግሞ ክብደት ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱ ስላልጎደለ፣ ቆዳውና ጡንቻውም ስላልላላ ሲሊኮኑ ከፍ ብሎ ጠንክሮ ይታያል። ቦታውን እስኪይዝ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። አንዱ ከሌላው ቀድሞ መውረዱም የተለመደ ነው። የጠባሳው መደብዘዝ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ትኩሳት፣ መቅላት፣ የአንዱ ጡት ድንገተኛ እብጠት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ከታየ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ነው።

ሒሳብ ለምንሠራ ለእኛ የከበደን የመዝገቡ ነገር ነው። አሜሪካ የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው በ1976 ነው። ሲሊኮኑ አስቀድሞ ገበያ ላይ ስለነበረ የደኅንነት ማስረጃ ሳይጠየቅ አለፈ። በ1992 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አጠቃቀሙን ገደበ። ዳው ኮርኒንግ የተባለው አምራችም ክሱ በዝቶበት በ1995 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በ1999 የወጣ የባለሙያዎች ሪፖርት ሲሊኮኑ መላ ሰውነትን የሚያሳምም በሽታ ስለማምጣቱ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ መቀደዱን፣ መጥበቁንና ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናውን ግን ዋና ችግር አለው። በ2006 እንደገና ሲፈቀድ ሁለት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው 40,000 ያህል ሴቶችን ለ10 ዓመት እንዲከታተሉ ታዘዙ። በ2011 ሲታይ ከአንደኛው ኩባንያ በሦስተኛው ዓመት መረጃ የተገኘው ከአምስት ሴቶች የአንዷ ያህል ነበር። የእኛ ማኅበር ከአምስት አባላት የአራቱን ቁጠባ ሳይመዘግብ ቢገኝ ኦዲተሩ ምን ይለን ነበር? በዚያው ዓመት ባለሥልጣኑ ሲሊኮን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል እንዳልሆነ ለሴቶች አሳሰበ።

ለእህትየው ያነበብነውን ልከን ሁለት ነገር ጠየቅናት፦ የሐኪም ቀጠሮሽ መቼ ነው? የሲሊኮኑ መለያ ቁጥር ያለበት ካርድስ የት አለ? ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ካርዱን መኪናዋ ውስጥ ከወረቀት መካከል አገኘችውና ፎቶውን ለታላቅ እህቷ ላከች። እኛም አትመን ከቁጠባ ደብተሯ ጋር አያያዝንላት።