የእንቁላል ማምረቻ ካንሰርና የወሊድ ታሪካችን

ስለ ጡት ካንሰርና ስለ ማህፀን ጫፍ ካንሰር በየስብሰባችን ብዙ ተነጋግረናል። ስለ እንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር ግን እምብዛም አናወራም። ሲነሳም በሹክሹክታ ነው፤ «ስላልወለደች ነው» ይባላል። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት አለው? በዚህ እትም ታሪኩን ከመነሻው ለማየት ሞክረናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መውለድና ካንሰር ይገናኛሉ የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ፣ የጡት ካንሰር በመነኩሲቶች ላይ እንደሚበዛ አስተውሎ ነበር። በ1926 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ጃኔት ሌን-ክሌይፖን የጡት ካንሰር የያዛቸውን 500 ሴቶችና ያልያዛቸውን 500 ሴቶች ስለ ወሊዳቸውና ስለ ማጥባታቸው ጠይቃ አነጻጸረች። ከዚያ ወዲህ የሴትን የወሊድ ታሪክ መጠየቅ አንድ የምርምር መንገድ ሆነ።

የእንቁላል ማምረቻን ጉዳይ በግልጽ ያስቀመጡት ግን የጎረቤታችን የግብፅ ሰው ናቸው። በአስዩት ዩኒቨርሲቲ የማህፀን ሐኪም የነበሩት ማህሙድ ፋታላ በ1971 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ እንቁላል በየወሩ ስትወጣ የእንቁላል ማምረቻውን ገጽ ትሰነጥቃለች። ስንጥቁ እንዲድን ሕዋሳት ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥርም ስህተት የመፈጠር ዕድል ይኖራል። እርግዝናና ጡት ማጥባት ለአካሉ ዕረፍት ይሰጡታል። ያለ ዕረፍት ዕንቁላል እንድትጥል የተዳቀለች የቤት ዶሮም በዚህ ካንሰር እንደምትታመም ታውቋል።

እስቲ እኛም እናስላው። በ13 ዓመቷ የወር አበባ ያየችና በ50 ዓመቷ ያረጠች፣ አንድም ጊዜ ያላረገዘች ሴት ከ400 በላይ እንቁላል ታወጣለች። ስድስት ልጆች ወልዳ፣ በእያንዳንዱ የ9 ወር እርግዝናና በማጥባት የተነሳ የወር አበባዋ ለአንድ ዓመት የዘገየባት ሴት ግን 126 ወራት፣ ማለትም ከ10 ዓመት በላይ አርፋለች። የብዙዎቻችን አያቶች ታሪክ ወደ ሁለተኛዋ ይቀርባል፤ የእኛ ወደ መጀመሪያዋ። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአገር ደረጃ በአማካይ 4.6፣ በአዲስ አበባ ግን 1.8 ነበሩ።

ከፋታላ በኋላ ማስረጃው እየተከማቸ መጣ። በ1978 ቫለሪ ቤራልና ባልደረቦቿ በተለያዩ አገሮችና ትውልዶች ቤተሰብ ባነሰ ቁጥር በዚህ ካንሰር የሚደርሰው ሞት እንደሚጨምር አሳዩ። በ2008 ከ21 አገሮች የተሰበሰቡ 45 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ እንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርገውን የወሊድ መከላከያ እንክብል ለ15 ዓመታት ያህል የወሰዱ ሴቶች አደጋቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በ2018 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ያልወለዱ ሴቶች አደጋ አንድ ልጅ ከወለዱት በ24 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወሊድ በ6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንሰው አሳየ። ጡት ማጥባትና የማህፀን ቱቦ ማስቋጠርም አደጋውን እንደሚቀንሱ ታውቋል።

ሒሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። የአንድ እርግዝና ጥበቃ 9 እንቁላል ባለመውጣቱ ብቻ ከሚጠበቀው ይበልጣል፤ ስለዚህ ሌላም ምክንያት አለ ማለት ነው። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ከባዱና በብዛት የሚታየው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከማህፀን ቱቦ ጫፍ እንደሚጀምር ታውቋል። በ1994ና በ1995 የተለዩ ሁለት ጂኖችም አሉ፤ በእነሱ ላይ የሚደርስ ለውጥ ከእናት ወይም ከአባት ወገን ይወረሳል፣ አደጋውንም በእጅጉ ይጨምራል። ይህን የወረሰች ሴት ሰባት ብትወልድም ልትታመም ትችላለች።

ስለዚህ «ስላልወለደች ነው» የሚለው ፍርድ ትክክል አይደለም። በ2008ቱ ጥናት ስሌት፣ በበለጸጉ አገሮች እንክብል ካልወሰዱ 100 ሴቶች እስከ 75 ዓመታቸው በዚህ ካንሰር የሚያዙት 1.2 ገደማ ናቸው። በዚህ ላይ 24 በመቶ ቢጨመር እንኳ፣ ያልወለዱ ሴቶች አብዛኞቹ በዚህ በሽታ ሳይያዙ ይኖራሉ። መውለድ ያልቻለች እህታችን ሐዘኗ አንሶ በሽታዋን በራሷ እንዳመጣች ሊነገራት አይገባም። ካንሰርን ለመከላከል ብሎ ልጅ መደራረብም ምክር አይሆንም፤ በዚያው በ2016ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። እንክብሉም የደም መርጋትን የመሰለ የራሱ ጉዳት ስላለው ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም።

ለዚህ ካንሰር፣ ከማህፀን ጫፍ ካንሰር በተለየ፣ ጤነኛ ሴትን ቀድሞ ለመመርመር የሚያገለግል አስተማማኝ ዘዴ የለም። በብሪታንያ 200,000 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 ውጤቱ ሲወጣ፣ የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራ ሞትን እንዳልቀነሰ ታየ። ስለዚህ ምልክቶቹን ማወቅ አለብን፦ የማይለቅ የሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ የሆድ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። እነዚህ አዲስ ከሆኑና ለሳምንታት ከቀጠሉ «ጨጓራ ነው» ብለን አንለፋቸው፤ በተለይ ካረጥን በኋላ።

አባሎቻችንን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዳችን በአንድ ገጽ ላይ የወር አበባ ያየንበትን ዕድሜ፣ የእርግዝናና የወሊድ ብዛት፣ ያጠባንባቸውን ወራት፣ የተጠቀምነውን የወሊድ መከላከያ፣ እንዲሁም በእናትም በአባትም ወገን በጡት ወይም በእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የታመሙ ዘመዶችን እንጻፍ። መጻፍ የሚያስቸግራት አባል ካለች አጠገቧ ያለችው ትጻፍላት። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ያቺን ገጽ ይዘን እንሂድ።