የሐርላ ባለጸጎች ለማን ኖሩ?

ነገሩ የተነሣው በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሦስት ሆነን ማኪያቶ ስንጠጣ ነው። አንደኛው ወዳጄ ለድሬዳዋ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ስመ ጥር ባለጸጋ ነው አለ። «አንድ ታዋቂ ሰው ሰፈራችሁ ውስጥ ቤት ይሥራና እዩ፤ አስፋልቱ ይነጠፋል፣ መብራቱ አይጠፋም፣ ፖሊሱም ሰላምታ ይለምዳል።» ሁለተኛው ደግሞ ከባለጸጋ ጎረቤት ለድኻ የሚተርፈው የአጥሩ ጥላ ብቻ ነው ሲል መለሰለት። እኔ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት አስተያየት አጥቼ አይደለም (ወዳጆቼ ይህን ያውቃሉ)፤ የዚያን ዕለት ጧት ሐርላ ደርሼ ስለ ተመለስሁ፣ ልቤ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በነበሩ ባለጸጎች ላይ ቀርቶ ስለ ነበር ነው።

ሐርላን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከድሬዳዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐረር በሚወጣው መንገድ አቅጣጫ የምትገኝ የገበሬ መንደር ናት። ዛሬ የሚኖሩባት ኦሮሞ አርሶ አደሮች ናቸው። ማሳቸውን ሲያርሱ ዶቃ፣ የሸክላ ስባሪ፣ አንዳንዴም የብር ሳንቲም ያገኛሉ። ከመሬት የሚወጡት ጥርብ ድንጋዮች ከትልቅነታቸው የተነሣ፣ ከተማይቱን የገነቡት ግዙፋን እንደ ነበሩ አባቶች ይናገራሉ። የግዙፋኑንም መጨረሻ ያውቃሉ፦ ሀብታቸው በዛ፣ ትዕቢታቸው ከሀብታቸው በለጠ፣ ፈጣሪም በድርቅና በረኃብ ቀጣቸው። (ድኻ የባለጸጋን ታሪክ ሲተርክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨርሰው እንዲህ ነው።)

ሐርላ የሚለው ስም በተረት ብቻ የቀረ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዐፄ አምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ይገኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሲጽፍም ሐርሎች በሠራዊቱ ውስጥ ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። የከተማይቱ ኑሮ ግን በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በእንግሊዝ የኤክስተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ቁፋሮ ውጤት በዚያ ዓመት ይፋ ሆነ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ ተገኘ። የቻይና ሸክላ፣ ከማልዲቭ ደሴቶች የመጣ የባሕር ዛጎል፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ ዐረብኛ የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮችም ተገኙ። በመካነ መቃብሩ የተገኘው ዐፅም ደግሞ የእንደ እኔና የእንደ አንባቢዬ ያለ ተራ ሰው ቁመት ነው። ግዙፍ የለም።

የቻይናውን ሳሕን የበላበት ማን እንደ ነበር መገመት አይከብድም። እቃው ከሩቅ ባሕር ተሻግሮ፣ በዘይላ በኩል ሳይሆን አይቀርም፣ በግመል ጀርባ በረሃውን አቋርጦ የደረሰ ነውና የዕለት ሠራተኛ አልገዛውም። እኔን የያዘኝ ግን ከሳሕኑ ይልቅ ወርክሾፑ ነው። ቆፋሪዎቹ ብርና ነሐስ የሚቀለጥበትን፣ የከበረ ድንጋይ የሚሞረድበትን፣ ዶቃ የሚሠራበትን ስፍራ አግኝተዋል። የአሠራሩ ስልት ከህንድ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ይጠቁማሉ። ስለዚህ ከህንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጣ እጅ በሐርላ ውስጥ አንድ የአካባቢ ልጅ ካርኔሊያን ድንጋይ እንዴት እንደሚበሳ አስተምሮ ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው። ሆኖም እንደ ከዚራው ወዳጄ «ባለጸጋው ስለ ሰፈረ ሰፈሩ ለማ» ከማለት፣ ባለጸጋው ጌጥ ስለ ፈለገ አንጥረኛው ሙያ ያዘ ማለቱ ወደ እውነት የቀረበ ይመስለኛል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አስፋልቱ የባለጸጋውን በር ተከትሎ ይነጠፋል፤ ሙያው ግን ከአንጥረኛው ጋር ወደ ቤቱ ይገባል።

ሐርላ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተፈታች። በሐረር የጁገል ግንብ ውስጥ የተደረጉት ቁፋሮዎች ሐረር የሰፋችው ከዚያ በኋላ መሆኑን ስለሚያመለክቱ፣ ተመራማሪዎቹ ሐርላ የሐረር ቀዳሚ ልትሆን እንደምትችል ያስባሉ። ነጋዴው መንገዱን ተከትሎ ሄዷል። ስሙን የሚያስታውስ አንድ ሰው እንኳ የለም።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሴ ከተማ ልመለስ። ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቀው ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ነው። በእነዚያ ዓመታት ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ዐረቡ ወደ ድሬ ጎረፈ። ከደቻቱ ወዲህ ማዶ ከዚራ በቀጥተኛ ጎዳናና በዛፍ ጥላ ተዘረጋች፤ ወዲያ ማዶ መጋላ በጠባብ መንገድና በቀፊራ ገበያ ተጨናንቃ አደገች። እንግዲህ የወዳጄ ሕልም ይኸው ነው፤ ባለጸጎች ሰፍረዋል፣ ሰፈራቸውም ለምቷል። ጥያቄው ልማቱ ወንዙን ተሻግሯል ወይ የሚለው ነው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ በዳርቻው የሰፈሩትን ሲጠርግ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለዚያ ሌሊት ብዙ መናገር አልወድም። የወንዙን ዳር የያዘው ሌላ ቦታ ያጣው ሰው መሆኑን ግን የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

ባለጸጎቹስ? በህንዱ መሐመዳሊ ስም የሚጠራው የንግድ ድርጅት በዘመኑ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የታወቀ ነበር፤ ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ዘግተው አስወጡት። የቀሩት ቤቶች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የትርፍ ቤት አዋጅ ተወሰዱ፤ ባለቤቶቹም አብዛኞቹ አገር ለቀቁ። አዋጁን ማመስገን ወይም መኰነን የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። ልብ ያልሁት ሌላ ነገር ነው፦ ከተማይቱ ባለጸጎቿን ሁለት ጊዜ አጥታ አልሞተችም።

ያልሞተችበትን ምክንያት ከአጎቴ ቤት አውቃለሁ። አጎቴ በወጣትነቱ በምድር ባቡር የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ተምሮ፣ ብረት ሲቆርጥ ሃያ ዓመት ኖረ። ከፈረንሳዮቹ አለቆቹ አንዱን እንኳ ቤቱ ገብቶ አያውቅም፤ በቆጠራው ውስጥ «ጎረቤት» ብሎ የሚጠራው ፈረንጅ የለም። ከሥራ ሲወጣ መጋላ ውስጥ ትንሽ ቶርኖ ቤት ከፈተ። የወፍጮው ዘንግ ሲሰበር፣ የውሃው ፓምፕ ሲበላሽ ሰው ወደ እርሱ ይሄድ ነበር። በእርሱ እጅ የሠለጠኑት ዛሬም አሉ። አሮጌው ባቡር ተዳክሞ ቆመ፤ አዲሱ በመስከረም 2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። የአጎቴ ተማሪዎች ግን አሁንም ብረት ይቆርጣሉ።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አመጣብኝ። ደግ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሰው ስለ ኃይሌ ጥቅም ሲያወራ መኖሪያ ቤቱ የት ሰፈር እንደሆነ አይጠይቅም። የሚቆጥረው ሆቴሎቹንና በውስጣቸው የተቀጠሩትን ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በዝዋይና በሻሸመኔ የነበሩት ሆቴሎቹ ሲቃጠሉ፣ ሥራ አጥቶ የዋለው የዝዋይና የሻሸመኔ ሰው ነው። «ታዋቂው ሰው ይምጣልን» የሚል ከንቲባ መሬት ከመስጠቱ በፊት ሰውየው ምን እንደሚሠራበት፣ ማንን እንደሚያሠራ፣ ግብሩንስ የት እንደሚከፍል ቢጠይቅ አይከፋም። ስሙን ማንጠልጠል ከፈለገ ቢልቦርድ ይበቃዋል።

ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ወዳጄ አልተረታም፤ እኔም እንዲረታ አልጠበቅሁም። ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ስንከራከር ግን ኪሴ ውስጥ ያለውን አሰብሁ፦ ባዶ ነበር። ጧት ሐርላ ውስጥ አንድ አዛውንት ማሳቸው ውስጥ ያገኙትን ቀይ ዶቃ በመዳፋቸው ላይ አድርገው አሳይተውኝ ነበር። እንድወስደው አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መልሰው በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከጥንቱ ድንጋይ በተሠራው የቤታቸው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ከተቱት።